ነባሮችና ሌሎች

ሴፕቴምበር 23፣ ሰኞ

ወረቀት ቤቱ ደብተር በነጠላ አልሸጥም አለኝ፤ ጥንድ ነው። ስለዚህ አንዱን ለወረፋው አደረግሁት፣ አንዱን ለራሴ። ሌሼክ ሁለቱንም ስይዝ አይቶ፣ «እሰይ! ከእንግዲህ ለወረቀት ታወሪና እኔ አርፋለሁ» አለ። እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ነው የሚቀልደው። ባል ማለት እንዲህ ነው፤ እግሩ በፋሻ ቢጠቀለልም አፉ አይታሰርም።

የምን ወረፋ? የክሊኒኩ ነዋ። ከልብስ ማስተካከያ ሱቄ ፊት ለፊት ነው። በሩ የሚከፈተው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ሰዉ ግን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ይመጣል። ብርድ ነው። ስለዚህ እኛ የሊፖቭካ መንደር ሰዎች ከጥንት ጀምሮ አንድ መዝጋቢ አለን። መጪው ስሙን አስይዞ ቤቱ ገብቶ ሻዩን ይጠጣል፣ በሩ ሲከፈት በተራው ይገባል። ሕግ አይደለም፤ ከሕግ ግን ይበልጣል። የመዝገብ ክፍሏ ልጅ እንኳ ያንን ወረቀት ሳታይ መስኮቷን አትከፍትም።

እስካሁን ይመዘግቡ የነበሩት ሽማግሌ ባለፈው ወር ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ተሰብስቦ፣ «ቦግና ትያዘው፤ ጽሕፈቷ ያምራል፣ ሱቋ እዚያው ነው፣ የማታውቀው ሰው የለም» አለ። በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ተመረጥኩ! ትምህርት ቤት ሳለሁ ጥቁር ሰሌዳ ለመጥረግ እንኳ የተመረጠችው ሌላ ነበረች።

ከደስታዬ ብዛት የወይዘሮ ኢሬናን ቀሚስ በአንድ በኩል አሳጠርኩት።

ሴፕቴምበር 27፣ ዓርብ

ሌሼክ ቁስሉን አሳጥቦ መጣ። ስኳር ያመጣበት ነው፤ ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ፣ የእንቁላል አስኳል የሚያክል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ በከዘራ መንገዱን ተሻግሮ ነርሷ ዘንድ ይገባል። ዶክተር ቫንዳ፣ «በሳምንት ሦስቴ ከታጠበ ይድናል። ከተቋረጠ ግን እግሩን እናጣዋለን» ብለውናል። ሐኪሟ ነገር አያለዝቡም። ደግነቱ ሠላሳ ርምጃ ነው። ሌላው ክሊኒክ ያለው ዛሌሴ ከተማ፣ ሃያ ሰባት ኪሎ ሜትር ርቆ ነው፤ አውቶቡስ የሚባለውን ካየን አራት ዓመት ሆነን፣ እኛ ደግሞ መኪና የለንም።

ስለዚህ ይህ ክሊኒክ ለኔ ሁለተኛ ቤተ ክርስቲያን ነው። ብዙዎች ይህንኑ ይላሉ፤ ወደ አንደኛውም የሚሄዱት ሲያማቸው ነው።

ሴፕቴምበር 30፣ ሰኞ

ሃምሳ ሁለት ስም። ሃያው እንጉዳይ ከሚመረትባቸው መጋዘኖች የመጡ ዩክሬናውያን ሠራተኞች።

ወይዘሮ ኢሬና ያችን ቀሚስ እንዳስተካክልላት መጣች። መርፌ እየሰካሁላት፣ «ክሊኒኩ የኛ ነው!» አለች። «በማን ግብር ነው የቆመው? በኛ! እነሱ ዝም ብለው መጥተው ይታከማሉ።»

«ልክ ነው» አልኩ።

«ለልጆቻቸውም አበል ይወስዳሉ አሉ።»

«ጉድ ነው» አልኩ።

የኢሬና ልጅ አንትወርፕ ነው የምትኖረው፤ ለሦስት ልጆቿ የቤልጂግን የልጅ አበል እየበላች። ይህን ያሰብኩት ኢሬና ከሄደች በኋላ ነው። ስትከፍለኝ ደግሞ፣ «ደረሰኙ ይቅርና ትንሽ ቀንሺልኝ» አለች። ቀነስኩላት። ደረሰኝ ቆርጬ የማውቀው ለማላውቀው ሰው ብቻ ነው፤ የማላውቀው ሰው ደግሞ የለም።

ኦክቶበር 3፣ ሐሙስ

የሚያስደስት ቀን! አቶ ዜኖን ሱቄ ድረስ መጡ። የምክር ቤት አባል ናቸው፤ ሃያ ዓመት ብራስልስ ውስጥ የመታጠቢያ ቤት ወለል ሲያነጥፉ ኖረው በቤልጂግ ጡረታ የሚኖሩ፣ ኮፍያቸው ከቀበሮ ቆዳ የተሠራ።

«ቦግና፣ ይህ ወረፋ ምን እየሆነ ነው?»

«እየረዘመ ነው፣ አቶ ዜኖን።»

«በማን ምክንያት?»

እኔ በጉንፋን ምክንያት ልል ነበር። እሳቸው ግን ወረቀት አወጡ። አቤቱታ ነው። «የአገሬው ሰው ይቅደም» ይላል። እኔ ራሴ በቁም ጽሕፈት እንድጽፈውና ሱቄ ውስጥ እንዳስፈርም ይፈልጋሉ፤ በኔ ጽሕፈት ከሆነ ሰዉ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈርማል አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የሠርግ ጥሪ ሁሉ የምጽፈው እኔ ነኝ። ቀዩን ቀለም ለመጀመሪያው ፊደል ተጠቀምኩ። ፊደሉ ዙሪያ ትንሽ የወይን ሐረግ ሣልኩበት። እንዴት ያምራል!

ሌሼክ አየውና፣ «ምን ይላል?» አለ። ነገርኩት።

«ዜኖን ነው ያመጣው?»

«አዎ።»

«ውሻ እንኳ የሚጮኸው በበላበት ነው» አለ። «ዜኖን ቤልጂግ እየበላ ሊፖቭካ ይጮኻል።»

ሳቅሁ። ከዚያ ለአምስት ሰው አስፈረምኩ።

ኦክቶበር 7፣ ሰኞ

ሁለት መቶ አሥር ፊርማ። አቶ ዜኖን ወደ አውራጃ ላኩት። መልስ እስኪመጣ ግን ለምን እንጠብቃለን ብዬ አንድ ዘዴ ፈጠርኩ፤ ማንም አልነገረኝም፣ ከራሴ ነው። ደብተሩን ሁለት ወረቀት አደረግሁት። አንዱ «ነባሮች»፣ አንዱ «ሌሎች»። ሦስት ነባር ከገባ በኋላ አንድ ሌላ ይገባል። ፍትሕ ማለት ይህ ነው! ጨርሶ አይግቡ አላልኩም። የመዝገብ ክፍሏ ልጅ ዓይኗን አጉረጥርጣ አየችኝ፣ ግን ሕዝቡ ሲያጨበጭብ መስኮቷን ከፈተች።

ከመጋዘኖቹ ሰዎች የሁሉም ተጠሪ የምትመስል ሶሎሚያ የምትባል አለች፤ አርባ ያልሞላት፣ ትከሻዋ የወንድ። ሁለተኛውን ወረቀት ቆማ አነበበችው። ፖላንድኛችንን ከኛ በተሻለ ነው የምትናገረው።

«ይህ ምንድን ነው፣ ወይዘሮ ቦግና?»

«ለሥርዓት ነው፣ እኅቴ። አይዞሽ፣ እናንተም ትገባላችሁ።»

«ደመወዛችን ላይ ለሕክምና የሚቆረጠውም በሁለት ወረቀት ነው?»

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ማለት ገብቶኛል። ግን አንድ ሰዓት ተኩል ሞልቶ በሩ ተከፈተ፤ ሥራ በዛብኝ።

ኦክቶበር 9፣ ረቡዕ

ጉድ ሳይሰማ ቀን አይመሽም።

ነባር ማነው የሚለውን አቶ ዜኖን ወስነውልኝ ነበር፤ ሳያቋርጥ ዐሥር ዓመት ሊፖቭካ የኖረ። ጥሩ። ዛሬ ንጋት ላይ ሌሼክ ከዘራውን ይዞ ሰዉ ፊት መጣና፣ «እኔን የቱ ላይ ትጽፊኛለሽ?» አለኝ።

«አንተማ ባሌ ነህ።»

«ለባል የተሰመረ መስመር አለ?»

«ሌሼክ፣ ሰው እያየን ነው።»

«እኔ ዐሥራ አንድ ዓመት ብራስልስ ነበርኩ። ከመጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው። የዜኖንን ሕግ አክብሪ» ብሎ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደና «ሌሎች» ላይ ራሱ ጻፈ። ከሶሎሚያ በታች።

ቀጥሎ ምን ሆነ? ሰዉ ሁሉ ዓመቱን ይቆጥር ጀመር። ግማሹ ከብራስልስ፣ ሩቡ ከኖርዌይ የተመለሰ ነው! የኢሬና ወንድም ከተመለሰ አራት ዓመቱ። ጣሪያ ሠሪው ሁለት። አቶ ዜኖን ራሳቸው ሰባት! ለደም ግፊታቸው መድኃኒት ሊያስጽፉ መጥተው «ሌሎች» ላይ ዐሥራ ዘጠነኛ ሆነው ጠበቁ። ፊታቸው እንደ ቀይ ሥር ሾርባ። ሳቄን ለመደበቅ ሱቅ ገብቼ መጋረጃ ነከስኩ።

ማታውኑ ሕጉ ተለወጠ።

ኦክቶበር 14፣ ሰኞ

አዲሱ ሕግ፤ ነባር ማለት በመቃብር ሥፍራችን የዘመድ መቃብር ያለው ነው። አቶ ዜኖን፣ «ሙታን ብራስልስ አይሄዱም» አሉ። ይህ እንኳ ብልኅነት ነው።

አንድ ችግር ብቻ አለው። ዶክተር ቫንዳ የመጡት ከዉድዥ ከተማ ነው፤ እዚህ ሙት የላቸውም። ሐኪሟ ቢታመሙ የሚቆሙት ከሌሎች ጋር ነው። ብነግራቸው፣ «እንግዲህ ቶሎ እንድሞት ጸልዩልኝ፤ ወረፋ እንዳገኝ» አሉ። ሳይስቁ ነው የሚቀልዱት።

ሌሼክ እናትና አባቱ የተቀበሩት እዚህ ነው። «አሁን ነባር ነህ፣ አለቀ» አልኩት። እሱ ግን ዛሬም «ሌሎች» ላይ ጻፈ። ከእንጉዳይ ልጆቹ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጦ በተሰባበረ ፈረንሳይኛ ያስቃቸዋል። ያ ሁሉ ሰው፣ ባሏ የት ነው የተቀመጠው እያለ ያየኛል። እግሩ እየቆሰለ እልኹ ይጨምራል።

ሦስት ነባር፣ አንድ ሌላ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የገባው ሌሼክ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣ። እኔ ነኝ ያስጠበቅሁት ማለት ነው? ቢሆንም እሱ ነው የመረጠው።

ኦክቶበር 23

ሥራ በዝቷል። የኖቬምበር ካፖርቶች። ከአውራጃ መልስ የለም። ሌሼክ አያናግረኝም፣ ማለት ያናግረኛል፣ ጨው አቀብዪኝ ይላል።

ኖቬምበር 1፣ ዓርብ፣ የቅዱሳን ሁሉ ቀን

የመቃብሩ ሥፍራ ከተማ መስሎ ዋለ። ሻማ፣ አበባ፣ አዲስ ካፖርት። ከካፖርቶቹ ግማሹን ያጠበብኩት እኔ ስለሆንኩ ማን እንደወፈረ አውቃለሁ። ሰዉ ዘንድሮ መቃብሩን የጠረገው እንደ መታወቂያ ነው። ኢሬና የአክስቷን ባል የአክስት ልጅ መቃብር እንኳ በብሩሽ አሸችው፤ ያስፈልጋል ብላ።

ከአጥሩ ጥግ፣ ዛፍ የወረሰው አሮጌ ክፍል ውስጥ ሶሎሚያን አየኋት። ተንበርክካ ምንጣፍ የመሰለ ሣር፣ ኧረ ምን እላለሁ፣ ያን አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት በቢላዋ ትፍቃለች። ቀረብኩ።

«ማን ናቸው?»

«የእናቴ አያት» አለች። «በአርባ ሰባቱ፣ ከጦርነቱ በኋላ፣ ዩክሬናውያኑን ሁሉ ከዚህ በባቡር ሲያስወጡ እሷ ቀድማ ሞታ ነበር። ዕድለኛ ናት፤ ቤቷ ቀረች።»

ድንጋዩ ላይ ያለው ስም በነሱ ፊደል ነው። ዓመቱ ግን ይነበባል፤ ከኔ ቤተሰብ መቃብር ሁሉ ይቀድማል።

«እንግዲያማ አንቺም ነባር ነሽ!» አልኳት፤ በእውነት ደስ ብሎኝ። «ሰኞ ነይ፣ የመጀመሪያው ወረቀት ላይ እጽፍሻለሁ።»

ቢላዋዋን ጠርጋ ኪሷ ከተተች። «ወይዘሮ ቦግና፣ ይህን ያጸዳሁት ወረፋ ልይዝበት አይደለም።»

አንድ ሻማ ሰጠኋት። ሁለት ነበር የቀረኝ።

ኖቬምበር 5፣ ማክሰኞ

የድንጋዩን ነገር ለአቶ ዜኖን ነገርኳቸው። «አይቆጠርም!» አሉ። «ያ መቃብር ሰባ ዓመት ማንም ሻማ አላበራበትም፣ የመቃብር ክፍያም አልተከፈለበትም።» ሙታንም ውዝፍ አለባቸው ማለት ነው።

ምላሴን በቆረጠው ለምን ነገርኳቸው? ማውራት ስለምወድ ነው።

ኖቬምበር 12፣ ማክሰኞ

አሸነፍን!!

ዛሬ «ሌሎች» ላይ የተጻፈ አንድም ሰው የለም። ትናንት የነፃነት በዓል ስለነበር ክሊኒኩ ዝግ ነበር። ዛሬ ንጋት ወጣሁ፤ ዐሥራ አራት ሰው ብቻ፣ ሁሉም ነባር። ከእንጉዳይ መጋዘኖቹ ማንም የለም። በሁለት ሰዓት ውስጥ ወረፋው አለቀ! ኢሬና አቀፈችኝ። ጣሪያ ሠሪው፣ «ለቦግና ሐውልት ይቁምላት» አለ።

የሆነው እንዲህ ነው። ዛሌሴ ያለው ትልቁ ክሊኒክ ቅዳሜም እሠራለሁ ብሎ የመጋዘኖቹን ሰዎች ጋብዟል፤ ሁሉም ሐኪም የሚመርጡበትን ቅጽ ሞልተው ወደዚያ ዞሩ። የመጋዘኖቹ ባለቤት በሳምንት ሦስት ቀን ንጋት ላይ በሚኒባስ ይወስዷቸዋል፤ ሠራተኛ ግማሽ ቀን ወረፋ ላይ ከሚውልባቸው ይሻላል።

በደስታ የፖም ኬክ ጋገርኩ። ሌሼክ አልቀመሰም። ስኳር ስላለበት ነው።

ኖቬምበር 20፣ ረቡዕ

ዶክተር ቫንዳ ከነነጭ ጋዋናቸው ሱቄ ገቡ። ቁልፍ ተበጥሶባቸዋል። ስሰፋላቸው ቆመው የሚጠብቁ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ወንበር ስበው ቁጭ አሉ።

«ወይዘሮ ቦግና፣ ለዚህ ክሊኒክ መንግሥት በምን እንደሚከፍል ያውቃሉ?»

«በግብራችን» አልኩ።

«በራስ ቁጥር። ቅጽ ሞልቶ የተመዘገበ አንድ ራስ፣ አንድ ክፍያ። ታመመ አልታመመ፣ መጣ አልመጣ። የመጋዘኖቹ ሰዎች ወጣቶች ናቸው። እርስዎ ሃያ ሲመጡ ያያሉ፤ ሦስት መቶው ዓመቱን ሙሉ ደጄን አይረግጡም ነበር። በነሱ ራስ ነው የእናንተን ጉልበት የማክመው።»

ክሩን በጥርሴ መበጠስ ረሳሁ።

«አሁን ሦስት መቶ አርባ ራስ ሄደ። የክሊኒኩ ባለቤት ድርጅት ኪሳራ ነው ብሏል። ከዲሴምበር አንድ ጀምሮ ነርሷ ሰኞ ሰኞ ብቻ ትመጣለች። በዓመቱ መጨረሻ በሩ ይዘጋል።»

«የሌሼክ እግርስ?»

«እኔም የመጣሁት ለሱ ነው። በሳምንት አንዴ አይበቃም። አሁንም ጠርዙ እየጠቆረ ነው፤ አላሳየዎትም?»

አላሳየኝም። ጨው አቀብዪኝ ነው የሚለኝ።

ሲወጡ በር ላይ ቆመው፣ «አቤቱታውን አየሁት፤ አውራጃው ግልባጭ ልኮልኛል። ጽሕፈቱ በጣም ያምራል» አሉ።

ኖቬምበር 21

እንቅልፍ የለም። ሦስት መቶ አርባ ራስ። ቀዩ ፊደል። የወይን ሐረጉስ ምን ያደርግ ነበር? ማንም አላዘዘኝም።

ኖቬምበር 24፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ኬክ ይዤ መጋዘኖቹ ጓሮ ወዳለው ማደሪያቸው ሄድኩ። ስድስት አልጋ ያለው ክፍል፣ ልብስ በገመድ ላይ፣ የእንጉዳይ ሽታ። ሶሎሚያ ወንበር አጸዳችልኝ። እኔም ወሬ አበዛሁ፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ ካፖርት፣ ስለ ኬኩ ፖም ዓይነት። ልጆቹ እየሳቁ ኬኩን ጨረሱ። ሶሎሚያ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ምን ፈለጉ፣ ወይዘሮ ቦግና?»

«እንድትመለሱ። ክሊኒኩ ሊዘጋ ነው። ወረቀቱን አንድ አደርገዋለሁ፤ በእግዜር ስም! ስማችሁን በቀይ ቀለም እጽፋለሁ።»

«ዛሌሴ አንድ ማሽን አለ» አለች። «ስትጫኚው ቁጥር ይሰጥሻል። የማን መቃብር የት እንዳለ አይጠይቅም።» እኔን እስከዚያች ሰዓት እርስዎ ስትለኝ ነበር፤ ይኼኔ አንቺ አለችኝ፣ እኔም ልቆጣ አልቻልኩም። «እኔ ብቻዬን ብሆን እመለስ ነበር። እነዚህን ልጆች ግን ምን ብዬ ልመልሳቸው? ሴትዮዋ ተጸጽታለች ልበላቸው?»

«አዎ፣ በያቸው።»

«እነሱ ጸጸት አይደለም የሚፈልጉት። በሦስት ሰዓት ሥራ መግባት ነው።»

ተነሣሁ። በር ላይ፣ «ሌሼክ እንዴት ነው?» አለች። «ከመንደሩ ሰው ሁሉ ከእኛ ጋር ተቀምጦ የሳቀ እሱ ብቻ ነው።»

ደህና ነው አልኳት። ለምን ደህና ነው አልኩ?

ኖቬምበር 28፣ ሐሙስ

የምክር ቤት ስብሰባ፣ በእሳት አደጋ አዳራሽ። ሰው ሞላ። ጉዳዩ አንድ ነው፤ ክሊኒኩ ከተዘጋ ዘንድ ምክር ቤቱ በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ዛሌሴ ነፃ አውቶቡስ ያቁም ወይስ አያቁም? እኔ ከልቤ ተደሰትኩ፤ ይህ ነው መንግሥት ማለት! ሊቀ መንበሩ፣ ደግ ሰው፣ «ገንዘቡ ይገኛል፤ ተነጋገሩና በእጅ እንወስን» አለ።

አንድ ሰው ተነሥቶ፣ «መንገዱ በየት ነው?» አለ።

«መንገዱ አንድ ነው። በመጋዘኖቹ በኩል።»

ከዚያ አቶ ዜኖን፣ «መጋዘኖቹ ጋ ይቆማል?»

«የሕዝብ አውቶቡስ ነው፣ አቶ ዜኖን። እጅ ላነሣ ሁሉ ይቆማል።»

«እንግዲህ ይኸው!» አሉ አቶ ዜኖን ወደ ሕዝቡ ዞረው። «በእኛ ግብር ለእነሱ አውቶቡስ!»

«እነሱ እኮ የራሳቸው ሚኒባስ አላቸው» አለ ሊቀ መንበሩ።

«አዎ! እነሱ ሚኒባስ አላቸው፣ እኛ ምንም የለንም!» አለች ኢሬና ተነሥታ። ከዚያ በዚያው ትንፋሽ አውቶቡሱን ተቃወመች። ጎረቤት እንዲራብ ብሎ የራስን ጎተራ ማቃጠል ማለት ይህ ነው፤ ወገቧ ታሞ ከወንበሩ ለመነሣት ሁለት ሰው ነው የደገፋት። «ለእነሱም ከሚሆን ለማናችንም ይቅር» አለች፣ ሰዉም አጨበጨበላት።

የሚደግፉ እጅ ያንሡ ተባለ።

አነሣሁ። እውነቴን ነው፣ አነሣሁት። እስከ ጆሮዬ ደርሶ ነበር። አቶ ዜኖን ዞረው አዩኝ፤ ኢሬና አየችኝ፤ ጣሪያ ሠሪው አየኝ። በዚያው እጄ ፀጉሬን አስተካከልኩ።

ሰባት እጅ ብቻ። የእኔ አልተቆጠረም። ሌሼክ ከበስተኋላ ተቀምጦ የእሱን ከዘራ ሽቅብ አንሥቶ ነበር፤ ከሁሉ ከፍ ያለው የእሱ ነው። ስንወጣ፣ «ፀጉርሽ ዛሬ አምሮብሻል» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዲሴምበር 4፣ ረቡዕ

ነርስ የለችም። ቁስሉን እኔ አጠብኩት። ሸተተኝ። ላብ ላብ ይለዋል። ለታክሲ ደወልኩ፤ የሚመጣው ነገ ነው አሉኝ። ጸለይኩ። አዎ፣ ሲያመኝ ነው የምሄደው።

ዲሴምበር 5፣ ሐሙስ

ንጋት ላይ አልጋው ባዶ። ከዘራው የለም። ካፖርቱን ላዬ ላይ ጥዬ በነጠላ ጫማ ወጣሁ። በረዶው ላይ ዱካው አለ፤ አንድ ጫማ፣ አንድ የከዘራ ነጥብ፣ አንድ የሚጎተት እግር። በክሊኒኩ ጥግ ወደ ቁልቁለቱ ይወርዳል። ሚኒባሱ ወደሚያልፍበት።

ስደርስ ሲያሳፍሩት አገኘሁ። ሁለት ልጆች በብብቱ ይዘው፣ ሶሎሚያ ከላይ እየሳበች። ወንበር አልቀረም ነበር፤ አንዱ ልጅ ተነሥቶ የቢራ ሣጥን ላይ ተቀመጠ።

«ሌሼክ!» አልኩ።

«ታክሲ ይቅርብሽ» አለ። «ቀጠሮ ይዘውልኛል።»

«ማን?»

በሩ ተዘጋ። በመስኮቱ ሶሎሚያ በእጇ ግቢ፣ ግቢ አለችኝ፤ በነጠላ ጫማ መሆኔን አይታ ነው።

ከሰዓት በኋላ መለሱት። ዛሌሴ ያለው ሐኪም የሞተውን ሥጋ አንሥቷል፣ መርፌ ወግቷል፣ «ሁለት ቀን ብትዘገይ እግርህ አይድንም ነበር» ብሎታል። በሳምንት ሦስቴ ይመለስ ተብሏል። ሾርባ ሰጠሁት። አለቀሰ ወይስ ትኩስ ነበር፣ አላውቅም። እኔ ግን አለቀስኩ፤ ወጥ ቤት።

ዲሴምበር 13፣ ዓርብ

ቁስሉ ቀይ ሆኗል፤ መልካም ቀይ። በገዛ ዓይኔ አየሁ፤ አሁን ያሳየኛል። የሚኒባሱን ልጆች የሥራ ልብስ ሁሉ እየጠጋገንኩ ነው፤ ጉልበቱ የተቀደደ፣ ኮሌታው የላላ። ደረሰኝ ቆርጬ ሰጠኋቸው! አንዷ ልጅ፣ «ይህ ምንድን ነው?» አለችኝ። «ግብር ነው» አልኳት፤ ከኩራቴ የተነሣ ልፈነዳ።

ኢሬና ሱቅ ገብታ የልብሱን ክምር አየች። «አሁን ደግሞ ለእነሱ ትሰፊያለሽ?»

«ለሚከፍል ሁሉ እሰፋለሁ፣ ወይዘሮ ኢሬና። የእርስዎም ልብስ ከኦክቶበር ጀምሮ ይጠብቅዎታል።»

አኩርፋ ወጣች። አውቶቡስ እምቢ ያለችበትን ወገብ ይዛ። መሳቅ አልነበረብኝም፤ ፀጉሯን ያስተካከለች ሴት በማን ትስቃለች?

ዲሴምበር 20፣ ዓርብ

ትናንት ማስታወቂያው በክሊኒኩ በር ላይ ተለጠፈ። ከአዲሱ ዓመት ጀምሮ ዝግ ነው። ያለ ቀይ ፊደል፣ በማሽን የተጻፈ።

ማታ አቶ ዜኖን በጓሮ በር መጡ። በጓሮ በር! ኮፍያቸውን አውልቀው። ደረታቸውን ያፍናቸዋል፤ ለልብ ምርመራ ዛሌሴ መቅረብ አለባቸው፤ ልጃቸው ብራስልስ ነው፣ የጎረቤታቸው መኪና ብልሽት ላይ ነው።

«ቦግና፣ ያችን... ያችን ሶሎሚያሽን አንድ ቃል ንገሪያት። አንድ ወንበር ብቻ።»

«ሶሎሚያዬ አይደለችም፣ አቶ ዜኖን። ራስዎ ይጠይቋት። በቋንቋችን ነው የምትናገረው።»

«ምን ብዬ?»

«እርስዎ አቤቱታ መጻፍ ያውቁበታል።» ይህን ስላልኩ ለግማሽ ሰዓት ደስ አለኝ፤ ከዚያ ደግሞ በቀይ የጻፈው የማን እጅ እንደሆነ ትዝ አለኝ።

ዛሬ ንጋት ሌሼክን እስከ መንገዱ ሸኘሁት። ሃያ ያህል ሰው በረዶ ላይ ቆሞ ሚኒባሱን ይጠብቃል። ከመጋዘኖቹ ብቻ አይደለም፤ ጣሪያ ሠሪው አለ፣ የኢሬና ወንድም አለ፣ አንገታቸውን ኮሌታቸው ውስጥ ቀብረው። ጥቂት ቆይቶ አቶ ዜኖን በቀበሮ ኮፍያቸው ከቁልቁለቱ ብቅ አሉ። ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሶሎሚያን አዩ፣ ሌሼክን አዩ፣ በረዶውን አዩ። በመጨረሻ፣ አንድ ፖላንዳዊ ምን ያህል ኩራት ቢኖረው ሰልፍ ሲደርስ ከማን ኋላ እንደሚቆም ለማወቅ የሚጠይቀውን ጠየቁ፤

«የመጨረሻው ማን ነው?»

ሌሼክ ከዘራውን አነሣ።

«እኔ ነበርኩ» አለ። «አሁን አንተ ነህ።»